ክፍያው ከማን ድርሻ ይወጣል? የአንድ የዕዳ ስምምነት ድርጅት የአምስት ዓመት አገልግሎት

በእንግሊዝ አገር ከአንድ የባንክ ብድርና ከሦስት ክሬዲት ካርዶች የተጠራቀመብኝን 19,000 ፓውንድ ዕዳ ለመዝጋት፣ በአጭር ስሙ አይቪኤ ተብሎ በሚታወቀውና በሕግ በሚጸናው የግለሰብ የዕዳ ስምምነት ገብቼ፣ የመጀመሪያውን ወርኃዊ ክፍያ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019፣ የመጨረሻውን ደግሞ በጁን 2024 ከፍያለሁ። ስምምነቱን ያዘጋጀውንና እስከ ፍጻሜው የተቆጣጠረውን ድርጅት በስም አልጠራውም፤ ወዳጆቼ እያመጡ ያሳዩኝ የሌሎች ድርጅቶች ሰነዶችም በዋና ዋና ነጥቦቻቸው ከእኔው ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ የምለው ነገር አንድን ድርጅት ብቻ የሚመለከት አይደለም። አገልግሎቱን በብዙ ረገድ መመዘን ይቻላል። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመዝነው የባለሙያውን ክፍያ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ካዋጣሁት ገንዘብ ውስጥ ከአንድ ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ወደዚያ የሄደ ሲሆን፣ ክፍያው ከማን ድርሻ እንደሚወጣ በትክክል የገባኝ ግን ከፈረምኩ ከአንድ ዓመት በኋላ ነበር።

ስምምነቱ በ1986 በወጣው የኪሳራ ሕግ ስምንተኛ ክፍል የተደነገገ ሲሆን፣ በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራ ነው፤ ስኮትላንድ የራሷ የሆነ ሌላ ሥርዓት አላት። ባለዕዳው ከወርኃዊ ገቢው ላይ ለኑሮ የግድ የሚያስፈልገውን ቀንሶ የሚተርፈውን፣ ብዙውን ጊዜ ለ60 ወራት፣ ለአበዳሪዎቹ ሊከፍል ሐሳብ ያቀርባል፤ ድምፅ ከሚሰጡት አበዳሪዎች መካከል በዕዳው መጠን ሲሰላ 75 በመቶ የሚሆኑት ከተስማሙ፣ የተቃወሙትም ሆኑ ድምፅ ያልሰጡት ይገደዱበታል። ወለድ ይቆማል፣ የስልክ ጥሪውና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ይቀራል፣ ወሩ ሲሞላ የሚከፈለው አንድ ክፍያ ብቻ ይሆናል። ይህን ሐሳብ አዘጋጅቶ ማቅረብና ከጸደቀም በኋላ አፈጻጸሙን መቆጣጠር የሚችለው ፈቃድ ያለው የኪሳራ ጉዳይ ባለሙያ ነው። ባለሙያው ከድምፁ በፊት ኖሚኒ፣ ከድምፁ በኋላ ሱፐርቫይዘር ይባላል፤ ሰውዬው አንድ ቢሆንም ሥራው ሁለት ነው፣ ክፍያውም ሁለት ነው።

የእኔ ሰነድ ሦስት ዓይነት ወጪ ይዘረዝር ነበር። የመጀመሪያው ሐሳቡን ለማዘጋጀትና ድምፅ ለማሰጠት የሚከፈለው የኖሚኒ ክፍያ ሲሆን 1,000 ፓውንድ ነበር። ሁለተኛው ለአምስት ዓመት ቁጥጥር የሚከፈለው የሱፐርቫይዘር ክፍያ ሲሆን፣ በመጨረሻ የጸደቀው 2,600 ፓውንድ ነው። ሦስተኛው ድርጅቱ ለሌላ ወገን ከፍሎ የሚያስመልሰው ልዩ ልዩ ወጪ ነው፤ ለመንግሥት መዝገብ ማስመዝገቢያ፣ ለባለሙያው ዋስትና፣ ለፖስታና ለመሳሰሉት፤ ይህም 200 ፓውንድ ደርሷል። ድምሩ 3,800 ፓውንድ ነው። የኪሳራ ደንቦቹ የኖሚኒው ክፍያ መጠንና የሱፐርቫይዘሩ ክፍያ የሚሰላበት መንገድ በሐሳቡ ውስጥ እንዲጻፉ ያስገድዳሉ፤ ድርጅቱም ይህን ግዴታውን ሳይሸፋፍን ተወጥቷል። አንድም የተደበቀ ቁጥር አላገኘሁም። ቅር ያሰኘኝ ቁጥሮቹ በስልክ የተገለጹበት መንገድ ነው።

በስልክ ያነጋገረችኝ የድርጅቱ ሠራተኛ ትሁትና ታጋሽ ነበረች። ስለ ክፍያው ስጠይቃት፣ ገንዘቡ ከወርኃዊ ክፍያዬ ውስጥ ስለሚቀነስ ለአገልግሎቱ ብዬ የምጨምረው ነገር እንደሌለ ነገረችኝ። ይህ አነጋገር ውሸት አይደለም። በወር 160 ፓውንድ ለ60 ወራት ስከፍል ድምሩ 9,600 ፓውንድ ይሆናል፤ ባለሙያው 3,800 ቢወስድም አንድ ሺህ ብቻ ቢወስድም ከእኔ የሚወጣው ያው 9,600 ነው፤ ምክንያቱም መጠኑ የተወሰነው በአቅሜ ልክ እንጂ በዕዳዬ ልክ አልነበረም። ልዩነቱ የሚታየው አበዳሪዎቼ ዘንድ ነው። ክፍያ የሚባል ነገር ባይኖር ለእያንዳንዱ ፓውንድ 50 ፔኒ ገደማ ያገኙ ነበር፤ ክፍያው ሲነሣ ግን የቀረላቸው 5,800 ፓውንድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፓውንድ 30 ፔኒ ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ ስምምነቱ እስከ መጨረሻው ከዘለቀ የባለሙያውን ክፍያ የሚሸከሙት አበዳሪዎች ናቸው።

ይህን በደንብ የሚያውቁት እነርሱው መሆናቸውን ያየሁት በድምፅ መስጫው ዕለት ነው። ድርጅቱ መጀመሪያ ለቁጥጥር ሥራው ያቀረበው 3,200 ፓውንድ ነበር፤ አበዳሪዎቹን የወከለው ተቋም ወደ 2,600 ካልወረደ ድምፅ እንደማይሰጥ ገልጾ ማሻሻያ አስገባ፣ ድርጅቱም በዚያው ቀን ተቀበለው። ስድስት መቶ ፓውንድ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ወረደ። በዚያን ጊዜ ነገሩን እንደ ወረቀት ሥራ አይቼ አልፌው ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን በጠቅላላው ሂደት ውስጥ ስለ ክፍያው የተከራከረ ወገን ያ ተቋም ብቻ ነበር፣ የተከራከረውም ለላኪዎቹ ድርሻ ነው። ክፍያው መቼ መቼ ይነሣ ለሚለው ጥያቄ ግን ማንም ቃል አልተናገረም፤ ለባለዕዳው ከሁሉ የሚከብደው ይኸው ጥያቄ ሆኖ ሳለ።

ለምን እንደሚከብድ ያሳየችኝ ያን ጊዜ ጎረቤቴ የነበረች እኅት ናት። እርሷም በሌላ ድርጅት በኩል ተመሳሳይ ስምምነት ገብታ በወር 150 ፓውንድ ትከፍል ነበር። በአሥራ አራተኛው ወር ሥራዋን አጣች፤ ብዙውን ጊዜ የሦስት ወር ውዝፍ ሲጠራቀም እንደሚደረገው፣ የማስጠንቀቂያው ጊዜ አልፎ ስምምነቷ ተቋረጠ። እስከዚያ የከፈለችው 2,100 ፓውንድ ነበር። ሪፖርቱን ይዛ ቤቴ መጣችና አብረን አነበብነው፦ 1,700 ፓውንድ ለባለሙያው ክፍያና ወጪ፣ 400 ፓውንድ ለአበዳሪዎች። ከዕዳዋ ላይ የተቀነሰላት እንግዲህ 400 ፓውንድ ብቻ ነው። ቆሞ የነበረውም ወለድ በስምምነቱ ቃል መሠረት ተመልሶ ሊታሰብባት ይችል ነበር፣ አበዳሪዎቹም የቀረውን በሙሉ የመጠየቅ መብታቸው ተመልሶላቸዋል። አሥራ አራት ወር ከልጆቿ ቀለብ ላይ እየቀነሰች የከፈለች ሴት፣ "ክፍያችን ከወርኃዊ ክፍያዎ ውስጥ ነው" የተባለችው ቃል ምን ማለት እንደነበረ የተረዳችው በዚያ ቀን ነው። እኔም የራሴን ሰነድ ከመሳቢያ አውጥቼ እንደገና ያነበብኩት በዚያው ምሽት ነበር።

የነገሩ ቁልፍ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በአብዛኞቹ ስምምነቶች የመጀመሪያዎቹ ወራት ክፍያ በሙሉ ወደ ኖሚኒው ክፍያ ይሄዳል፤ በእኔ ስምምነት ስድስት ወር ከሩብ ያህል አበዳሪዎቼ አንድ ፔኒ አላዩም። ከዚያ በኋላ የሱፐርቫይዘሩ ክፍያ በቀሩት ወራት ላይ እኩል ከተከፋፈለ ጉዳቱ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ላይ ከተከመረ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚሰናከል ሰው ባለሙያውን ከፍሎ ዕዳውን ይዞ ይቀራል። ሐሳቡን ማዘጋጀት እውነተኛ ሥራ መሆኑን አልክድም፤ የባንክ ሰነድ ማመሳከር፣ የኑሮ ወጪ ማስላት፣ ከእያንዳንዱ አበዳሪ ጋር መጻጻፍ በመጀመሪያ የሚሠራ ነውና ዋጋው በመጀመሪያ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የቁጥጥሩ ዋጋ ግን ቁጥጥሩ ከመሠራቱ በፊት ሊነሣ አይገባም ብዬ አምናለሁ። በዚህ ረገድ የእኔ ድርጅት በየወሩ እኩል ይወስድ ስለነበር ጥሩ ነጥብ እሰጠዋለሁ፤ የጎረቤቴ ግን እንዲያ አልነበረም።

ክፍያው ወደ ባለዕዳው የሚዞርበት ሌላም ሁኔታ አለ፤ ይኸኛው ከመጥፎ ዕድል ይልቅ ከመልካም ዕድል የሚመጣ በመሆኑ ሰዎች አይጠረጥሩትም። ስምምነቱ በሚቆይበት ጊዜ ርስት፣ ከሥራ መሰናበቻ የተገኘ ገንዘብ ወይም ሌላ ያልታሰበ ገቢ ቢመጣ ለሱፐርቫይዘሩ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ገንዘቡም ወደ ስምምነቱ ይገባል። በሦስተኛው ዓመት 25,000 ፓውንድ ወርሼ ቢሆን ኖሮ፣ 19,000ው ዕዳ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈል፣ እንደ ውሉ ቃልም ወለድ እንዲታሰብበት ይደረግ ነበር፤ የባለሙያውም ክፍያ በዚያ ላይ ይደመር ነበር። አበዳሪዎቹ ሙሉ ዕዳቸውን ካገኙ ክፍያውን የሚሸከም ድርሻ የላቸውምና የሚሸከመው ባለዕዳው ነው። ወላጅ በሕመም ላይ ያለበት ወይም ከሥራ ሊቀነስ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ከመፈረሙ በፊት ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ማየት ይኖርበታል። ለእኔ በስልክም ሆነ በጽሑፍ ማንም አላሰላልኝም።

የክፍያው አሰላል ሁለት ዓይነት መሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። አንዱ እንደ እኔው ቁርጥ መጠን ነው፤ ሌላው ከሚሰበሰበው ገንዘብ ላይ በመቶኛ የሚነሣ ነው። ለምሳሌ 15 በመቶ ቢሆን ከ9,600 ፓውንድ ላይ 1,440 ፓውንድ ይሆናል፤ ከእኔ 2,600 ጋር ሲነጻጸር በብዙ ያንሳል። ሁለቱ የሚገናኙት አጠቃላዩ ክፍያ 17,300 ፓውንድ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚከፍል ሰው ቁርጡ፣ ከዚያ በታች ለሚከፍል መቶኛው ይቀላል። መቶኛው ሌላም መልካም ጎን አለው፦ ባለሙያው የሚያገኘው ባለዕዳው ሲከፍል ብቻ ስለሆነ፣ ስምምነቱ እንዳይቋረጥ የመድከም ምክንያት ይኖረዋል። በአንጻሩ ደመወዝ ሲጨምር ወይም ያልታሰበ ገንዘብ ሲገባ ክፍያውም አብሮ ያድጋል፤ 8,000 ፓውንድ ቢገባ 1,200 ፓውንድ ተጨማሪ ማለት ነው።

ወደ ቁጥጥሩ አገልግሎት ስመጣ፣ ድርጅቱን የማመሰግንበት ነገር አለኝ። በ2020 ወረርሽኙ ሥራዬን ባቆመው ጊዜ ደብዳቤ በጻፍኩ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሦስት ወር የክፍያ እፎይታ ፈቀዱልኝ፤ ለዚያ ያስከፈሉት ተጨማሪ ነገር የለም፣ ማብቂያው ብቻ በሦስት ወር ተራዘመ። ሕጉ በሚያዝዘው መሠረት በየዓመቱ ሪፖርት ደርሶኛል፤ በውስጡ የገባውና የወጣው ገንዘብ በሁለት ዓምድ ተቀምጦ ነበር። ይህን ገጽ ከባንክ መግለጫዬ ጋር የማመሳከር ልማድ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሬ ያዝኩ፤ በሦስተኛው ዓመት አንድ የ160 ፓውንድ ክፍያ ሳይመዘገብ መቅረቱን ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው፤ ጠየቅኩ፣ በአራት ቀን ተስተካከለ። ጉዳዬን የሚይዘው ሠራተኛ ግን በአምስት ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ ተቀይሯል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ታሪኬን ከመጀመሪያው መንገር ነበረብኝ። የመጨረሻውን ክፍያ ከከፈልኩ በኋላም የፍጻሜ የምስክር ወረቀቱ እጄ የገባው በአሥራ አንደኛው ሳምንት ነው። ስም ከመንግሥት የኪሳራ መዝገብ የሚነሣው ስምምነቱ ካበቃ ከሦስት ወር በኋላ በመሆኑ፣ መዘግየቱ ቤት ልከራይ ስሞክር ዋጋ አስከፍሎኛል። ለቁጥጥር 2,600 ፓውንድ የተከፈለው ድርጅት የመጨረሻዋን ወረቀት በወቅቱ መስጠት ነበረበት።

በቅንፍ ያህል አንድ ነገር ልጨምር፦ በ2011 አንድ የግብር ጉዳይ ችሎት ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ የኖሚኒና የሱፐርቫይዘር ክፍያዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ተደርገው ሲታዩ ቆይተዋል፤ በሰነድ ላይ ታክሱ በእነዚህ ክፍያዎች ላይ ተደምሮ ከታየ ማብራሪያ መጠየቅ ተገቢ ነው። በባለሙያው አሠራር ላይ ቅሬታ ያለው ሰውም አስቀድሞ ለድርጅቱ በጽሑፍ አቅርቦ መልሱ ካላረካው፣ ኢንሶልቬንሲ ሰርቪስ ወደሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቅሬታ መቀበያ ማቅረብ ይችላል፤ ቅሬታው ከዚያ ፈቃዱን ለሰጠው የሙያ ማኅበር ይተላለፋል።

ዋጋውን ለመመዘን ግን ከሌሎቹ መንገዶች ጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ድርጅቱ ይህን ያደረገው በሁለት አጭር አንቀጽ ብቻ ነው። በበጎ አድራጎት ድርጅቶች በኩል የሚዘጋጀው የዕዳ አከፋፈል ዕቅድ ለባለዕዳው ክፍያ የለውም፤ እንደ አይቪኤ አበዳሪዎችን የሚያስገድድ ባይሆንም፣ ከሚከፈለው ላይ ለአዘጋጁ ተብሎ አይቀነስም። ራስን በኪሳራ ማስመዝገብ 680 ፓውንድ ያስወጣል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የተዘጋጀው የዕዳ ማቃለያ ትእዛዝ ቀድሞ 90 ፓውንድ ያስከፍል የነበረ ሲሆን፣ ከኤፕሪል 6 ቀን 2024 ጀምሮ ያለ ክፍያ ሆኗል፤ ከጁን 28 ቀን 2024 ጀምሮም የዕዳው ጣሪያ ከ30,000 ወደ 50,000 ፓውንድ ከፍ ብሏል። ለዚህ ብቁ የሚሆነው ከወጪው የሚተርፈው ገንዘብ በወር ከ75 ፓውንድ የማይበልጥ፣ ንብረቱም በሕግ ከተወሰነው መጠን በታች የሆነ ሰው ነው። እኔ በ2019 የሚተርፈኝ 160 ፓውንድ ስለነበር አልደርስበትም ነበር፤ ለእኔ አይቪኤው ትክክለኛው ምርጫ እንደነበረ ዛሬም አምናለሁ። ብዙዎች ግን ወደ ስምምነቱ የገቡት ደላላ ድርጅቶች በየማስታወቂያው አግኝተዋቸው ለባለሙያዎች በክፍያ ስላስተላለፏቸው ነው፤ የገንዘብ ተቋማት ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን የዚህን ዓይነቱን የማስተላለፊያ ክፍያ ከኦክቶበር 2 ቀን 2023 ጀምሮ መከልከሉ ተገቢ ነበር፤ ዘግይቷልም።

ባለፈው ወር አንዲት የአክስቴ ልጅ አዲስ የስምምነት ሐሳብ ይዛ መጣች፤ በወር 140 ፓውንድ፣ ለ60 ወራት። አንድ ጥያቄ ብቻ በኢሜይል ጻፍንላቸው፦ ስምምነቱ በአሥራ ሁለተኛው ወር ቢቋረጥ፣ ከተከፈለው 1,680 ፓውንድ ውስጥ ስንቱ ለአበዳሪዎች ደርሶ ይገኛል? መልሱ በሁለተኛው ቀን በግልጽ መጣ፤ 370 ፓውንድ። ሰነዱን ሳትፈርም አንድ የበጎ አድራጎት የዕዳ አማካሪ ዘንድ ሄደች፤ አማካሪዋ የኑሮ ወጪዋን እንደገና ስታሰላ የልጇ መዋያና የሥራ መመላለሻ ወጪ አንሶ መጻፉን አገኘች፤ በትክክል ሲሰላ የሚተርፋት በወር 60 ፓውንድ ብቻ ነው። የዕዳ ማቃለያ ትእዛዙን ማመልከቻ ባለፈው ሐሙስ አስገብታለች።